ቀዩ ነጥብ ከሰማያዊው ጋር

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተሯ ሸሚዟን እየተኮሰች ነበር። ደንግጣ ስትዞር ካውያው የእጇን አንጓ ላፍ አደረገው። "ውይ እናቴን!" እያለች ስልኩን አነሳች። የሰማችው ከአምስት ቃል አይበልጥም፤ ጃይሮኮፕተር ወድቋል፣ አብራሪው ሳይሞት አልቀረም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው።

አየር ሜዳው በር ላይ ደርሳ ከመኪናው ስትወርድ ግን ሌላ ሐሳብ ጭንቅላቷ ውስጥ ዘው አለ። ካውያውን ነቅዬዋለሁ?

"ሃምሳ አለቃ፣ ካውያ ሳይነቀል ስንት ሰዓት ይቆያል?"

"ቤቱ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ድረስ ነዋ" አሉ ሃምሳ አለቃው። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው፤ በሰው ፊት "እርስዎ" ይሏታል፣ መኪና ውስጥ "አንቺ"። ማጽናናት የሚባል ነገር ግን በሁለቱም አያውቁም።

ማሽኑ ከመንደርደሪያው ዳር ሣሩ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ጃይሮኮፕተር አይታችሁ የማታውቁ እንደሆነ፣ ሞተር ሳይክልና ሄሊኮፕተር ተጋብተው የወለዱት ልጅ ነው በሉ። ሁለት ወንበር፣ ሦስት ጎማ፣ ከኋላ የሚገፋ ሞተር፣ ከአናቱ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ክንፍ ያለው ሮተር። አሁን አንደኛው ክንፍ እንደ ተሰበረ ጣት ታጥፏል። አብራሪው ሰው ሁሉ "ካፒቴን" የሚላቸው የሠላሳ ዓመት በራሪ ናቸው። አምቡላንስ ወስዷቸዋል። በሕይወት አሉ፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን የሚናገር አልተገኘም።

"ኢንስፔክተር፣ ይሄ አደጋ አይደለም" አለ አንድ ቀጭን ሰው ከኋላዋ። በጎረቤቱ ሃንጋር በረራ የሚያስተምር ነው፤ ሁሉም ፌንጣ ይለዋል፣ እሱም ሲጠሩት "አቤት" ይላል። ጎንበስ ብሎ ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበትን የብረት እምብርት አሳያት። በአንዱ ወገን ቀይ ነጥብ፣ በሌላው ሰማያዊ ነጥብ ተቀብቷል። በክንፎቹ ግርጌም እንዲሁ።

"ክንፎቹ መንታ ይመስላሉ እንጂ መንታ አይደሉም። ግራም በግራም ተመዝነው፣ በክር ተለክተው ነው ቦታ ቦታቸውን የያዙት። ቀይ ከቀይ ጋር፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር። እስቲ ይህን ይመልከቱ።"

ቀዩ ክንፍ የሰማያዊው ቦታ ላይ ታስሯል።

"ተሳስተው ቢሆንስ?"

"ነጥቡን የቀባነው አምና አንድ ሰው ተሳስቶ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሜዳ የሚሳሳት የለም። ይሄ ሆን ተብሎ ነው።"

ኢንስፔክተሯ በጉልበቷ ተንበረከከች። ስምንት ቡሎን፣ ስምንት ዳዶ። በየዳዶው ቀዳዳ ደግሞ እንዳይፈታ የምትጠብቅ ኮፒሊያ፣ ማለትም ባለ ሁለት እግር ትንሽ ሽቦ፣ ገብታለች። ሁሉም አዲስ ናቸው፤ ያብረቀርቃሉ። የእያንዳንዷ አንድ እግር ወደ ላይ፣ አንድ እግር ወደ ታች ታጥፏል፤ ልክ በጣት እንደተጠመዘዘ ፂም።

"ፎቶ ያንሱልኝ" አለች ሃምሳ አለቃውን። አንድ ነገር ከንክኗታል፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልያዘችውም። የአንጓዋ ቃጠሎ ያንገበግባታል፣ ካውያው ከጭንቅላቷ አልወጣም፣ ሐሳብ በየት በኩል ይግባ?

* * *

ገና ጠዋት አራት ሰዓት ሳይሞላ ሰው አስራለች። ያውም እየቸኮለች።

የታሰሩት የማሽኑ መካኒክ ጋሽ ቡሎን ናቸው። የሃንጋሩ ዘበኛ ሁሉንም ነግሯታል። በዋዜማው ሮተሩ ከምሰሶው ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ሁለት የእንጨት መቆሚያ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ጠዋት ለገዢ ሊታይ ነውና። ጋሽ ቡሎን ክንፎቹን አስረው ሲጨርሱ፣ ካፒቴኑ "ልሸጠው ነው፣ ከነገ ጀምሮ እረፍ" አሏቸው። ጋሽ ቡሎን ፒንሳቸውን ወርውረው "ከምትሸጠው ተሰባብሮ ባየው ይሻለኛል!" ብለው ጮኹ። ጮኸውም አልቀሩም፣ በሩን በእግራቸው ደልቀው ወጡ። የሃንጋሩ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ማታ የት ነበሩ ሲባሉ፣ "ቤቴ፣ ብቻዬን፣ ተናድጄ" ነው መልሳቸው።

ጠዋት ደግሞ አራት ሰዎች ሮተሩን ከነጨርቅ ሽፋኑ ተሸክመው ምሰሶው ላይ አወጡት፤ ሽፋኑ ከላይ ሲገፈፍ ነጥቦቹ ከመሬት አይታዩም። ካፒቴኑም ጋሽ ቡሎን ያሰሩትን ደግመው አይተው አያውቁም፤ ሠላሳ ዓመት ያመኑት እጅ ነው።

አዛዡ በስልክ ደስ አላቸው። "ጎበዝ! አስራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፤ ወደ ዋናው እስር ቤት ይሄዳሉ። ወረቀቱን እስከዚያ ጨርሺ።"

ዋናው እስር ቤት በመግደል ሙከራ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው። ጋሽ ቡሎን ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘጋችና የእስክሪብቶዋን ክዳን ማኘክ ጀመረች።

"ምነው፣ ተያዘ አይደል?" አሉ ሃምሳ አለቃው።

"ሰው ሊገድል የፈለገ ሰው፣ ቡሎኑ እንዳይፈታ አዲስ ኮፒሊያ ያስገባል?"

ሃምሳ አለቃው የመኪናውን ቁልፍ አነሱ። ሳይከራከሩ መነሳት በእሳቸው ታሪክ ብርቅ ነው።

* * *

ፌንጣን ሃንጋሩ ውስጥ አገኘችው። እሱም ከካፒቴኑ ጋር ሲከራከር የማይውልበት ቀን እንደሌለ ሰምታለች።

"ከካፒቴን ጋር ምን ያጣላችሁ ነበር?"

"ክንፍ!" አለ ሳያፍር። "ሌላ ምን አለን?" ወደ ራሱ ማሽን ወሰዳትና ሮተሩን በጣቱ ገፋ አደረገው። "ሰው ሁሉ ይህን ሞተር የሚያዞረው ይመስለዋል። የሞተሩ ሥራ ከኋላ መግፋት ብቻ ነው። ሮተሩን የሚያዞረው ከሥር የሚመጣው ነፋስ ነው። ነፋስ እስካለ ይዞራል፣ እስከዞረ ይሸከማል።"

"ነፋሱ እምቢ ካለስ?"

"አፍንጫውን ድንገት ወደ ታች ከደፈቁት ክንፉ ሸክሙን ያጣል፣ ይደክማል። ከዚያ በኋላ ያለው ጸሎት ነው።"

ማሽኑ መሬት ላይ ቆሞ እያለ ኢንስፔክተሯ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ወንበር ላይ ወጥታ አምፖል ለመቀየር እንኳ ሰው የምትጠራ ሴት ናት።

"የእኔ ክንፍ አጭርና ቀላል ነው" ቀጠለ ፌንጣ። "ጎረምሳ ነው በሉት። መሪውን ነካ ሳያደርጉት ይታዘዛል፤ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል። የካፒቴን ደግሞ ረጅምና ከባድ ነው። ለመነሳት ይለግማል፣ ዙር ሲሉት 'ቆይ ላስብበት' ይላል። ግን አንዴ ከተሽከረከረ ነፋስ ቢጎድልበትም ይታገሳል፤ ስህተትህን ይቅር ይላል። 'እኔ ይቅር ባይ ክንፍ ነው የምወደው' ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ 'ካፒቴን፣ ይሄ በሬ ነው እንጂ ክንፍ አይደለም' እላቸዋለሁ። ጠባችን ይሄው ነው።"

"ይቅር ባይ ከሆነ ምን ጣላቸው?"

ፌንጣ ፈገግታው ጠፋ። "በሬ ይታገሳል፤ ሲደነብር ግን አጥር ይዞ ነው የሚሄደው። አምና የእኔን ክንፎች አንድ ተማሪ አቀያይሮ አሰረብኝ። ገና መሬት ላይ ሮተሩ ሲዞር መሪው እጄ ውስጥ ነዘረ፤ አጥፍቼ ወረድኩ፣ አለቀ። የካፒቴን ልጅማ 'ጋሽ ፌንጣ፣ መሪው ስልክ ሲደወልለት አያነሱም?' እያለች ወር ሙሉ አላገጠችብኝ። የእሳቸው ክንፍ ግን ክብደቱ የእኔን እጥፍ ነው። ሚዛኑን ሲስት ንዝረት አይደለም፣ ድብደባ ነው። በሜዳው ላይ ሦስት ዙር ሲበሩ ሙሉ ሲደበድበው ቆይቶ የመሪውን ዘንግ ዳዶ ፈታው። ያለ መሪ እዚህ ማድረሳቸውም ተአምር ነው።"

"ታዲያ እንደ እርስዎ አጥፍተው ለምን አልወረዱም?"

"እሱ ነው እኔንም የጨነቀኝ። 'መሪው እጅህ ላይ ከጨፈረ፣ አጥፍተህ ውረድ' የሚለውን ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው። እዚህ ሜዳ የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነው።"

ማታ የት ነበርክ ሲባል፣ ተማሪዎቹን ከተማ አድርሶ እዚያው ማደሩን ነገራት። ሃምሳ አለቃው ስድስቱን ተማሪዎች አንድ በአንድ ደወሉላቸው። ስድስቱም አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ፤ አንደኛው ፌንጣ ሲተኛ እንደሚያንኮራፋም ጨመረ።

* * *

ገዢው ሰፊ እርሻ ያለው ወፍራም ሰው ነው፤ ከብቶቹን ከአየር ሊቆጥር አስቦ ነበር። መኪናው ውስጥ በሩን ከፍቶ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

"ሁለተኛ ከብት የምቆጥረው በእግሬ ነው" አለ ገና ሳትጠይቀው።

"ከመነሳታቸው በፊት ያዩት ነገር አለ?"

"አይቻለሁ እንጂ! ገና መሬት ላይ እያሉ ያ መሪ ዱላ እንደ ተያዘ ዓሣ ይፈራገጥ ነበር። 'ኧረ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር!' ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ፈገግ ብለው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔ ከላም ሌላ ምን አውቃለሁ? ሥራው እንዲህ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

"የትኛውን እጅ ነው ያውለበለቡት?"

"ግራውን። ቀኙ መሪው ላይ ነበር።"

"ወደ መሪው አላዩም?"

"እኔን ነው የሚያዩት፤ ሊሸጡልኝ አይደል?"

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ "ለምን አላቆሙም?" ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። 

* * *

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የካፒቴኑ ሚስት ናት፤ የባሏን ጃኬት ታቅፋ ግድግዳ ታያለች። ሁለተኛዋ ልጃቸው ናት። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት፣ ምላሷ ሠላሳ።

"ጋሽ ቡሎንን አሰራችኋቸው አሉ" አለች ልጅቱ፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

"ለጥያቄ ነው።"

"ማሽኑን በእግራቸው ሲነኩ ይቅርታ የሚጠይቁት ሰውዬ! ጎበዞች ናችሁ። ነገ ደግሞ ነፋሱን እሰሩት።"

"አንቺ ልጅ! አፍሽን ሰብስቢ!" አለች እናቷ።

"ግዴለም" አለች ኢንስፔክተሯ። "አንቺስ ትናንት ማታ የት ነበርሽ?"

"ጓደኛዬ ቤት፣ ሒሳብ ሳጠና። ይጠይቋት። ሒሳቡን ብቻ እንዳይጠይቋት፣ ትዋረዳለች።" ቀልዱን ስትናገር ድምፅዋ አልቀለደም። የፀጉር ሽቦዋን ነቅላ በወንበሩ ክንድ ቀዳዳ ውስጥ ታስገባለች፣ እግሮቿን ለያይታ ታጣምማለች፣ ታቃናለች፣ መልሳ ታጣምማለች። ጣቶቿ አንድ አፍታ አያርፉም።

"ባለቤትዎ ጠዋት እንዴት ነበሩ?" ኢንስፔክተሯ ወደ እናትየዋ ዞረች።

"ደህና።"

"የሚያማቸው ነገር..."

"የለም!" ጥያቄው ገና ጫማውን ሳያወልቅ መልሱ ወጥቶ ጠበቀው።

በዚህ መሃል ሐኪሟ ብቅ አለች። ቀዶ ሕክምናው አልቋል፤ የጎድን አጥንትና ጭን ተሰብሯል፤ ይነቁ እንደሆነ እስከ ማታ ይታወቃል። ኢንስፔክተሯን ለብቻዋ ጠጋ አደረገቻት።

"አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ቀኝ መዳፋቸው ላይ ትልቅ ቃጠሎ አለ። የዛሬ አይደለም፣ አራት አምስት ቀን ሆኖታል። የጋለ ቱቦ የያዙ ነው የሚመስለው። አልታሸገም፣ ቅባት አልነካውም፣ እንዲያውም ግሪስ ገብቶበታል። እንዲህ ያለ ቁስል ይዞ ሥራ የሚውል ሰው አላየሁም።"

* * *

ጋሽ ቡሎን ጠዋቱን ሙሉ ሲጮኹ ውለው ድምፃቸው ሰልሏል።

"የእኔ እመቤት፣ እኔ ያንን ማሽን ከልጄ አስበልጬ ነው ያሳደግኩት! ቀይና ሰማያዊ የማልለይ ዕውር አድርጋችሁኝ ቁጭ?"

"ጋሽ ቡሎን፣ ኮፒሊያ ሲያስገቡ እንዴት ነው የሚያጥፉት?"

ጥያቄዋ ገርሟቸው ተረጋጉ። "ሁለቱንም እግር ወደ ኋላ፣ ዳዶውን አስታቅፌ። ካፒቴን ነው አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያለ የሚያሽሞነሙነው። እሱም ቢሆን ከዓመት ወዲህ ትቶታል። 'ዓይኔ ደክሟል፣ አንተ ጨርሰው' ነው የሚለኝ።"

"እንግዲያው ይሄ የማን እጅ ነው?" ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ጋሽ ቡሎን መነጽራቸውን አውጥተው አዩ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግመው። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ እንደ ሻማ እፍ ተባለ። መነጽሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

"ጻፊ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ ነው። ወዲህ በይው፣ ልፈርም።"

ፈረሙ።  ጠዋቱን ሙሉ አላደረግኩም ብሎ የጮኸ ሰው ስምንት ሽቦ በፎቶ አይቶ አደረግኩ ይላል?

* * *

"ፊርማ አለሽ፣ ኑዛዜ አለሽ" አሉ ሃምሳ አለቃው መኪናውን እያስነሱ። "ሌላ ምን ቀረሽ?"

"ጥፋተኛው።"

"አይ አንቺ! ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። አዛዡ ሰምተው ጨፍረዋል።"

ኢንስፔክተሯ የወንበሩን ቀበቶ ስትስብ አንጓዋን ፈተጋት። "ውይ!" አለች፣ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞላ። "ይህቺ የምስር ፍሬ የምታህል ቃጠሎ እኮ ናት! ከጠዋት ጀምሮ ነፍሴን አወጣችው..."

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

የምስር ፍሬ የምታህል። የእሳቸው ግን መዳፉን ሙሉ ነው። ግሪስ ገብቶበታል። አራት ቀን። እጃቸው ላይ የሚፈራገጥ መሪ ይዘው ፈገግ ብለው ያውለበለባሉ። ኮፒሊያ ማጠፍ ከተውት ዓመት አልፏል።

"ሃምሳ አለቃ፣ መኪናውን ያዙሩት! ወደ ሆስፒታል!"

"ካውያሽ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር" አሉ ሰውዬው መሪውን እየጠመዘዙ። "ለነገሩ እናትሽ ደውለው ነበር። ነቅለውታል። ሸሚዙ ግን ነፍስ ይማር።"

* * *

ሚስትየዋ ጃኬቱን እንደታቀፈች እዚያው ነበረች። የልጅቱ ወንበር ባዶ ነው። ኢንስፔክተሯ ባዶ ክፍል አስገባቻትና በሩን ገርበብ አደረገችው።

"አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት የባለቤትዎን የሸሚዝ ቁልፍ ማን ቆለፈላቸው?"

ሴትዮዋ ለመዋሸት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ለቅሶ ነው።

"እኔ ነኝ። ዓመት ሆነኝ፣ በየጠዋቱ እኔ ነኝ! ስኳሩ ነው፤ ነርቩን በልቶታል አሉት። መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ከዚያ መዳፉ። ባለፈው የጋለ የጭስ ማውጫ ይዞ የሥጋው ሽታ ነው የነገረው። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። 'አብራሪ ሆኜ ኖሬ በሽተኛ ሆኜ አልሰናበትም፤ ማሽኑን ልሽጥና በክብር ልቁም' አለኝ። ዛሬ ለማሳየት አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻ... ፌንጣ ልብረርልዎ ቢለው እንኳ እምቢ አለ..."

"እጃቸው ምንም አይሰማቸውም ማለት ነው?"

"ምንም።"

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ልጅቱ ናት። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛለች፤ ሻዩ በጣቶቿ ላይ እየፈሰሰ ነው።

"አይሰማውም?" አለች። "እማዬ፣ መሪውም? መሪውም አይሰማውም?"

 ብርጭቆዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠችና እዚያው ቁጭ አለች።

ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከኪሷ የፀጉር ሽቦ አወጣች፤ ስትገባ ከባዶው ወንበር ክንድ ላይ የነቀለችው ነው። አንድ እግሩ ወደ ላይ፣ አንድ እግሩ ወደ ታች።

"እንዲህ ማጠፍ ያስተማረሽ አባትሽ ነው?"

"ስድስት ዓመቴ ነበር" አለች ልጅቱ። ሠላሳ የነበረው ምላሷ አሁን ስድስት ሆኗል። "አንዱ ሰማይ ይይ፣ አንዱ መሬት ይጠብቅ እያለ።"

"ንገሪኝ።"

"የእኔ ነበር እኮ! አሥራ ስምንት ሲሞላሽ ያንቺ ነው ብሎኝ ነበር። ድንገት ልሸጠው ነው አለ። ለምን ስለው 'ሰለቸኝ' አለኝ። ሰለቸኝ! ሌላ ምንም። ማታ ላጠና ነው ብዬ ቤት የተሰቀለውን ቁልፍ ይዤ ሄድኩ፤ ዘበኛው ሳያየኝ ገባሁ፤ ክንፎቹ መቆሚያው ላይ ነበሩ። መሪው ይጨፍራል፣ አባዬ አጥፍቶ ይወርዳል፣ ገዢው 'ይሄ ማሽን በሽተኛ ነው' ብሎ ይሄዳል። ይኸው ነው ያሰብኩት! ሁሉም ይወርዳል። ጋሽ ፌንጣ ወርዶ ነበር!"

"የጋሽ ፌንጣ ክንፍ ቀላል ነው።"

"አሁን ነዋ የምትነግሩኝ!" ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ፊቷን በጉልበቷ መሃል ቀበረች። "የኛ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አባዬ ሳይወርድ ያን ያህል ይቆያል ብዬ ግን አላሰብኩም። ማንም አይቆይም። ለሦስት ዙር ማንም አይቆይም።"

"ኮፒሊያዎቹስ? አሮጌዎቹ ነበሩ እኮ።"

ልጅቱ ቀና አለች። ጥያቄው ራሱ የገረማት መሰለች። "የታጠፈ ኮፒሊያ ደግመው አያስገቡም፣ ይሰበራል። አዲስ አደረግኩለት፣ እንዳይፈታበት።"

እናትየዋ ጃኬቱን ወርውራ መጥታ ልጇን አቀፈቻት። ማን ማንን እንደሚያባብል አይለይም ነበር።

* * *

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ኢንስፔክተሯ ደወለች።

"መኪናውን ይመልሱት። ጋሽ ቡሎን አልሠሩትም።"

"ፈርመዋል!" ጮኹ አዛዡ።

"የፈረሙት ለሌላ ሰው ነው። ኮፒሊያውን አይተው እጁን አወቁት፤ ከሚያውቁት ሰው ይልቅ ራሳቸውን አሳልፈው ሰጡ። ያሰርኳቸው ቸኩዬ ነው፤ እሱንም መዝገቡ ላይ እጽፈዋለሁ። ሌላኛዋ ነገ ከእናቷ ጋር መጥታ ቃሏን ትሰጣለች። እኔም ስለ ስምንቱ አዲስ ኮፒሊያ አንድም ሳላስቀር እጽፋለሁ። ዳኛ ያንብበው።"

አዛዡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሌላኛዋ?"

"አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጌታዬ።"

 ከዚያ "መኪናውን መልሰው" የሚል ድምፅ ከሩቅ ተሰማት።

በዚያው ቅጽበት ነርሷ ከበሩ ብቅ አለች። "ነቅተዋል። ቤተሰብ ብቻ፣ ለአምስት ደቂቃ።"

ኢንስፔክተሯ የበሩ ደፍ ላይ ቀረች። ቤተሰብ አይደለችም፤ ግን ሄዳ መቀመጥም አልቻለችም።

ካፒቴኑ እስከ አንገታቸው በነጭ ተጠቅልለዋል። ዓይናቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ጣሪያው ላይ የሚፈልጉት ነገር ያለ ይመስላል።

"ምኑ ነው... የተፈታው?" አሉ በተሰነጠቀ ከንፈር።

"የመሪው ዘንግ" አለች ልጅቱ ጎንበስ ብላ። ትንፋሿን ሰበሰበች። "ክንፎቹን ያቀያየርኳቸው እኔ ነኝ፣ አባዬ። ቀዩን ከሰማያዊው ጋር። እንዳትሸጠው ብዬ። ትወርዳለህ ብዬ።"

 እናትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ኮፒሊያውስ?" አሉ ካፒቴኑ።

"አዲስ።"

"እግሩን?"

"አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ መሬት ይጠብቃል።"

ካፒቴኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዳር እንባ ወርዶ ጆሯቸው ውስጥ ገባ።

"ሰለቸኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው" አሉ። "እውነቱን ነግሬሽ ቢሆን አንቺም አትነኪውም፣ እኔም አልወጣም ነበር። ነይ... ቅረቢኝ። እጄን ያዢኝ።"

ልጅቱ አልተንቀሳቀሰችም። 

"ይዤሃለሁ እኮ፣ አባዬ" አለች። "ከገባሁ ጀምሮ ይዤሃለሁ።"

ካፒቴኑ ዓይናቸውን ገለጡ። አንገታቸውን በሥቃይ ዝቅ አድርገው እጃቸውን ፈለጉ፤ አልጋው ጫፍ ላይ፣ በልጃቸው ሁለት መዳፎች መሃል አገኙት። ረጅም ጊዜ አዩት፤ ዓይናቸውንም ከዚያ አላነሱም።